የጣሊያን ምግብ ቤቶች በአዲስ አበባ

(ለንባብና ለድርሰት ትምህርት የቀረበ ገላጭ ጽሑፍ)

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደሚሠራ ለአንባቢ ግልጽ የሚያደርግ የጽሑፍ ዓይነት ነው። የሚከተለውን ጽሑፍ ስታነቡ ጥያቄው የተነሣው በየትኛው አንቀጽ እንደ ሆነ፣ መልሱስ በምን በምን ማስረጃ እንደ ተደገፈ አስተውሉ።

1. ጥያቄው

በንፋስ መውጫ ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ወደ አዲስ አበባ ሄዳችኋል እንበል። በወረታና በባሕር ዳር በኩል ብትሄዱም፣ በጋሸናና በወልድያ በኩል ብትዞሩም መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከተማው ውስጥ የሚኖር አንድ ዘመዳችሁ የመምጣታችሁን ደስታ ሊገልጽ ፈልጎ ወደ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት ይወስዳችኋል። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል። በሳህኑ ግራና ቀኝ ሹካና ቢላዋ ተደርድሯል። አስተናጋጁ የምግቡን ዝርዝር የያዘ መጽሐፍ የሚያህል ወረቀት በእጃችሁ ያኖራል። ወረቀቱን ስትገልጡት ቃላቱ ሁሉ እንግዳ ይሆኑባችኋል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሰው አላውቅም ማለት አፍሮ በጣቱ አንዱን መስመር ይነካና የመጣለትን ይበላል። እናንተ ግን እንዲህ እንዳታደርጉ ይህ ጽሑፍ ይረዳችኋል።

ከሹካውና ከቢላዋው የሚከብድ ሌላ ጥያቄም ወደ ልባችሁ ሊመጣ ይችላል። አያቶቻችን በጦር ሜዳ የመለሱት የወራሪ ምግብ ስለምን በዋና ከተማችን ማዕድ ላይ ተቀመጠ? እኛስ በገንዘባችን ገዝተን ስንበላው የእነርሱን ደም መርሳታችን ነውን? ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። መልሱን ለማግኘት ግን አስቀድሞ ታሪኩን፣ ቀጥሎም ምግቡን ራሱን ማወቅ ያስፈልጋል።

2. ታሪኩ በአጭሩ

ኢትዮጵያንና ኢጣሊያን ወደ ዐድዋ ጦርነት ካደረሷቸው ምክንያቶች አንዱ የቃል ልዩነት ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ቅጂ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በኢጣሊያ አማካይነት መጠቀም እንደምትችል ይናገር ነበር። በጣሊያንኛው ቅጂ ግን ይህ ፈቃድ ወደ ግዴታ ተለውጦ ተገኘ። መቻልና መገደድ በሰዋስው ትምህርታችሁ ሁለት የተለያዩ ግሦች ብቻ ይመስሏችሁ ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ግን ልዩነታቸው የአንድን አገር ነጻነት ይነካ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ይህን ውል አጥብቀው ከተቃወሙት ሰዎች አንዷ ነበሩ። ክርክሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ተቋጨ።

በአዲስ አበባ በገንዘብ ምግብ ገዝቶ የመብላትን ልማድ ያስጀመሩት ጣሊያኖች ናቸው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የከተማውን የመጀመሪያ ሆቴል ያስከፈቱት እኒሁ እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ሆቴሉም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ኢጣሊያ ሁለተኛውን ወረራዋን በ1928 ዓ.ም. ጀምራ ሚያዝያ 27 ቀን በዚያው ዓመት አዲስ አበባን ያዘች። በቀጣዩ ዓመት የካቲት 12 ቀን በከተማው ነዋሪ ላይ የደረሰው ጭፍጨፋ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይታሰባል። ወራሪው ሰውን በመግደል ብቻ ሳይወሰን ከተማውን በዘር ከፋፈለው። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በአራዳ የነበረውን ትልቅ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ የአገሬው ሰው መገበያያ አደረገው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ይህ ነው። ከ1929 ዓ.ም. ወዲህ በወጡት የዘር ሕጎች ነጩና ጥቁሩ በአንድነት እንዳይኖር፣ አብሮም እንዳይዝናና ተከለከለ። ስለዚህ ያን ጊዜ ለጣሊያኖች በተከፈተ ምግብ ቤት ውስጥ ኢትዮጵያዊ ቢገባ የሚገባው ለማገልገል እንጂ ተቀምጦ ለመስተናገድ አልነበረም። ይህን ነጥብ አትርሱ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አርበኞች በየዱሩ፣ በበጌምድርም ጭምር፣ አምስት ዓመት ሙሉ ከተዋጉ በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። የመጨረሻው የኢጣሊያ ጦር በጎንደር እጁን የሰጠው ግን ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡ በተሸነፈው ጠላት ላይ በቀል እንዳይፈጽም አዘዙ። አብዛኞቹ ጣሊያኖች ከአገር ሲወጡ መካኒኮች፣ ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ ዳቦ ጋጋሪዎችና ወጥ ሠሪዎች የሆኑ ጥቂቶች ቀሩ። የቀሩትም ከእንግዲህ ገዥዎች አልነበሩም፤ በኢትዮጵያ ሕግ ሥር ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። የአዲስ አበባ የጣሊያን ምግብ ቤቶች ታሪክ በዋናነት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

3. የታወቁት ቤቶች

ከእነዚህ ቤቶች መካከል ስሙ በሰፊው የተሰማው በፒያሳ የነበረው የካስቴሊ ምግብ ቤት ነው። ቤቱን ከነጻነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የከፈተው ፍራንቼስኮ ካስቴሊ የተባለ በወታደርነት የመጣ ጣሊያናዊ ሲሆን ከእርሱም ወደ ልጆቹ ተላልፏል። ካስቴሊ በእጅ በሚዳመጠው ፓስታውና ምግብ ከመጀመሩ በፊት በሚቀርበው የአትክልት ገበታው ይታወቅ ነበር። በዚያው በፒያሳ ኤንሪኮ የተባለው ኬክ ቤት ሚልፎሊ በተሰኘው ኬክ ስም አትርፏል። ቃሉ በጣሊያንኛ ሺህ ቅጠል ማለት ሲሆን እንደ ወረቀት የሳሱ ብዙ የሊጥ ንብብሮች በመካከላቸው ክሬም ተቀብቶ የሚሠራ ነው።

ቡና ለመጠጣት የሚፈልግ ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ ተመሠረተው ወደ ቶሞካ ይሄዳል። ስሙ ዘመናዊ የቡና መቁያ የሚል ትርጉም ካላቸው የጣሊያንኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተውጣጣ ነው። ደንበኞቹ በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆመው ይጠጣሉ። የጣሊያን ማኅበረሰብ መሰብሰቢያ የሆነው ጁቬንቱስ ክለብም የስፖርት ሜዳና ምግብ ቤት ያለው ስፍራ ሆኖ በከተማው ሰው ዘንድ ታውቋል።

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ አሮጌ ሕንፃዎቹን አጥቷል። ስለዚህ አንድን የድሮ ቤት ፈልጋችሁ ስትሄዱ በዱሮው ምልክት አትመሩ፤ ከመነሣታችሁ በፊት የከተማውን ሰው ጠይቁ። ከእነዚህ ሌላ በቦሌና በሌሎች ሰፈሮች ኢትዮጵያውያን ራሳቸው የከፈቷቸው የጣሊያን ምግብ የሚያቀርቡ ቤቶች ብዙ ናቸው። የአንድ ቤት ጥሩነት የሚለካው በባለቤቱ ዜግነት ሳይሆን በወጥ ቤቱ ሥራ መሆኑን ከዚህ ቀጥለን እናያለን።

4. የምግቡ ሥርዓት

የእኛ ምግብ በአንድ ትሪ ላይ ዙሪያውን ሁሉ ይዞ ይቀርባል። የጣሊያን ምግብ ግን እንደ ቅዳሴ ተራ ተራውን ጠብቆ ይመጣል። መጀመሪያ የምግብ ፍላጎት የሚቀሰቅስ ጥቂት አትክልት ወይም ዓሣ ይቀርባል፤ ስሙ አንቲፓስቶ፣ ማለትም ከምግብ በፊት የሚበላ ነው። ቀጥሎ ፕሪሞ፣ አንደኛው፣ ይመጣል፤ ይህ ፓስታ፣ ሾርባ ወይም ሩዝ ነው። ሦስተኛ ሴኮንዶ፣ ሁለተኛው፣ የተባለው ሥጋ ወይም ዓሣ ከአትክልት ጋር ይቀርባል። መጨረሻ ላይ ጣፋጭና ቡና ይከተላሉ። ሁሉንም የማዘዝ ግዴታ የለባችሁም። አንድ ሳህን ፓስታ አዝዞ በልቶ መነሣት ነውር አይደለም።

ዝርዝሩን ስታነቡ ጥቂት ቃላት ይጠቅሟችኋል። ስፓጌቲ ቀጫጭን ገመዶች ማለት ነው፤ ረጅሙ ፓስታ ነው። ላዛኛ በሰፊው ተዳምጦ ከሥጋ ስጎና ከአይብ ጋር ተነባብሮ በምድጃ የሚጋገር ነው። ራቪዮሊ ሥጋ ወይም አይብ ወይም አትክልት በውስጡ የተከተተበት ትንንሽ የሊጥ ትራስ ነው። ፕሮሹቶ የአሳማ ሥጋ ስለ ሆነ በሃይማኖታችሁ ምክንያት የማትበሉ ከሆነ አስቀድማችሁ አስተናጋጁን ጠይቁ። ጾም ከሆነም ሳታፍሩ ተናገሩ። ደረቁ ፓስታ አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴና ከውሃ ብቻ ስለሚሠራ በቲማቲምና በአትክልት ስጎ ለጾመኛ ይሆናል። በእጅ የሚዳመጠው ትኩስ ፓስታ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል ይገባበታል። ጥያቄ መጠየቅ አለማወቅን አያሳይም፤ የሚበላውን የሚያውቅ ሰው ጠባይ ነው።

ረጅሙን ፓስታ በቢላዋ መቆራረጥ አይገባም። ጥቂቱን በሹካው ጫፍ ይዛችሁ በሳህኑ ዳር ስታዞሩት በሹካው ላይ ይጠመጠማል። መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። እንጀራን በሦስት ጣት ቆርሶ ወጥ ሳያንጠባጥቡ መጉረስም ለማያውቅ እንግዳ የዚያኑ ያህል ያስቸግራል።

5. ጥሩ ቤት በምን ይታወቃል?

የጥሩ ቤት የመጀመሪያ ምልክት የፓስታው አበሳሰል ነው። ጣሊያኖች በደንብ የበሰለውን ፓስታ አል ዴንቴ ይሉታል፤ ለጥርስ ማለት ነው። ይህም ሲነከስ መካከሉ ጥቂት ጥርስን የሚቋቋም፣ ጥሬም ያልሆነ፣ ያልላሸቀም ነው። ፓስታው ቀድሞ ተቀቅሎ ከተቀመጠና ሲታዘዝ ብቻ ከተሞቀ ይህን ጠባዩን ያጣል። ስለዚህ ምግቡ እስኪመጣ ጥቂት መቆየታችሁ አያስቆጣችሁ፤ ወጥ ሠሪው ለእናንተ ብሎ ውሃ እያፈላ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የሳይንስ ትምህርታችሁን አስታውሱ። ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነችው በንፋስ መውጫ ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በፓስታው መጠቅለያ ላይ የተጻፈው የመቀቀያ ደቂቃ አብዛኛውን ጊዜ ለዝቅተኛ ስፍራ የታሰበ በመሆኑ በደጋ አገር ለሚቀቅል ሰው አይበቃም። የአዲስ አበባ ጥሩ ወጥ ሠሪ ሰዓቱን ሳይሆን ጥርሱን የሚያምነው ስለዚህ ነው። አንዱን ፍሬ ከድስቱ አውጥቶ ይነክሳል።

ሁለተኛው ምልክት ስጎው ነው። ጥሩ ስጎ ከበሰለ ቲማቲም፣ ከዘይት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጥቂት ቅጠል በዝግታ ይሠራል። ቅመም በብዛት ተጨምሮ የቲማቲሙ ጣዕም ከተሸፈነ አንድ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው። ጣሊያኖች የሚጠቀሙበት ቅጠልም ለእናንተ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የእኛው የበሶብላ ዘመድ ነው።

ሦስተኛው ምልክት የዝርዝሩ ማጠር ነው። ሁሉን አለኝ የሚል ቤት ሁሉን በደንብ ሊሠራ አይችልም። ጥቂት ምግቦችን ለይቶ የያዘ ቤት ግን በየዕለቱ ትኩሱን ያቀርባል። ፒዛ በሚያዝዝበት ጊዜም አዋቂ ሰው ከሁሉ ቀላሉን፣ በቲማቲም፣ በአይብና በቅጠል ብቻ የሚሠራውን ማርጌሪታን ይመርጣል፤ በቀላል ምግብ ላይ ጉድለት አይደበቅምና። ይህ ፒዛ እ.ኤ.አ. በ1889 በናፖሊ ከተማ ለንግሥት ማርጌሪታ የተሠራ ነው እየተባለ ሲወራ ኖሯል። ወሬው እውነትም ይሁን ተረት፣ የዚህች ንግሥት ባል ከላይ ያነሣነው የውጫሌ ውል የተፈረመበት ዘመን የኢጣሊያ ንጉሥ ኡምቤርቶ ቀዳማዊ ነበር።

6. ቃላቱ በእኛ እጅ

አንድ ሕዝብ የሌላውን ምግብ ሲወስድ እንዳለ አይወስደውም። በንፋስ መውጫም ሆነ በሌሎች የመንገድ ከተሞች ባሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ፓስታ ስታዝዙ በበርበሬ የቀላ ስጎ ፈሶበት፣ ብዙ ጊዜም ከእንጀራ ጋር ይቀርብላችኋል። ሮማዊ ቢያየው ይደነቅ ነበር።

ቋንቋውም እንዲሁ ሆኗል። ፓስታ በጣሊያንኛ ሊጥ ማለት ሲሆን የሊጡን ምግብ ዓይነት ሁሉ ይጠቀልላል፤ በአማርኛ ግን ረጅሙን ብቻ ፓስታ፣ አጭሩን መኮሮኒ ብለን ለየነው። ፉርኖ በጣሊያንኛ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ነው፤ እኛ ግን ፉርኖ ዱቄት እያልን የነጩ ዱቄት ስም አደረግነው። ማኪያቶ ነጠብጣብ ያረፈበት ማለት ነው፤ ቡናው በጥቂት ወተት ነጠብጣብ ስለሚያገኘው። መርካቶ ገበያ፣ ፒያሳ አደባባይ ማለት ነው። ከረሜላና ካልሲም ከዚያው የመጡ ናቸው። ካልሲ በመነሻው ቋንቋ የብዙ ቁጥር ነበረ፤ እኛ ግን ነጠላ አድርገነው ሲበዛ ካልሲዎች እንላለን። ይህም የውሰት ቃል አማርኛ ውስጥ ከገባ በኋላ ለአማርኛ ሰዋስው እንደሚገዛ ያሳያል።

7. የማን ምግብ ነው?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ጣሊያኖች ያለ ቲማቲም ምግብ የሌላቸው ይመስላቸዋል። ነገር ግን ቲማቲም የመጣው ከአሜሪካ ክፍለ ዓለም ነው፤ ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት በኢጣሊያ ቲማቲም አልነበረም። የእኛም በርበሬ ከዚያው ክፍለ ዓለም የመጣ ነው። የጋይንት ደጋ የሚታወቅበት ድንችም ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ ግን ድንች ለጋይንት ገበሬ እንግዳ ነው የሚል ማን አለ?

በሌላ በኩል ደግሞ ዓለም ከእኛ የወሰደው አለ። ጣሊያን በመኪና አፍልቶ ኤስፕሬሶ የሚለው ቡና መገኛው ኢትዮጵያ ነው። ፓስታ የሚሠራበት ጠንካራው የማካሮኒ ስንዴም በኢትዮጵያ ደጋ ከጥንት ጀምሮ በብዙ ዓይነት ሲዘራ ኖሯል። በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በስንዴው ዓይነት ብዛት ተደንቆ አገራችንን ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከሎች አንዷ አድርጎ መዝግቧል። እንግዲህ ከደጋ ገበሬ ልጅ ፊት የቀረበው የፓስታ ሳህን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም ማለት ነው።

ይህ ሲባል ግን ግፉ ይረሳ ማለት አይደለም። ፓስታ ጣፋጭ ስለ ሆነ ወረራው ጥቂት በጎ ነገር ነበረው ብሎ የሚከራከር ሰው ቢገጥማችሁ ሁለት ነገሮችን ለይታችሁ መልሱለት። ወራሪው በጉልበት ሊያጸናው የፈለገው የዘር ልዩነትና አገዛዝ ነበር፤ ያን አርበኞች አፍርሰውታል። ምግቡና ቃሉ የቀሩት ግን ኢትዮጵያውያን በነጻነት ዘመን በፈቃዳቸው ስለመረጧቸው ነው። በውጫሌ ውል የተጣላንባቸው ሁለቱ ግሦች እዚህም ይሠራሉ፤ የተገደድንበትን ጥለን የቻልነውን ወሰድን።

ከላይ አትርሱ ያልናችሁንም አስታውሱ። በወረራው ዘመን ኢትዮጵያዊ በእንግድነት እንዳይቀመጥበት የተከለከለ ጠረጴዛ ነበረ። ዛሬ ከጋይንት የመጣ ተማሪ በዚያ ዓይነት ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ ዝርዝሩን አንብቦ፣ የፈለገውን በስሙ ጠርቶ ያዝዛል፤ ምግቡ ካልጣመውም ለምን ብሎ ይጠይቃል። ይህ የሆነው በዕድል አይደለም፤ ዋጋ ተከፍሎበታል። ስለዚህ ስትገቡ አንገታችሁን አትድፉ፤ ሂሳቡን ከፍላችሁ ስትወጡም ከፒያሳ ወደ ስድስት ኪሎ ወጣ በሉና የየካቲት 12 ሰማዕታትን ሐውልት ተመልከቱ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ማየት ከተማውን በትክክል እንድታውቁት ያደርጋችኋል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. በውጫሌ ውል በሁለቱ ቋንቋዎች ቅጂ መካከል የነበረው ልዩነት ምን ነበር? ጸሐፊው በመጨረሻ ይህን ልዩነት መልሶ ያነሣው ለምንድን ነው?
2. በንፋስ መውጫ ፓስታ ለመቀቀል ከሮማ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ የሚያስፈልገው ስለምንድን ነው?
3. የጥሩ ምግብ ቤት ሦስቱ ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?
4. በጸሐፊው መልስ ትስማማላችሁ? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ግለጹ።

ለ. ፓስታ፣ ፉርኖ፣ ካልሲ የሚሉት ቃላት በአማርኛ ትርጉማቸው ወይም ቁጥራቸው እንዴት እንደ ተለወጠ አስረዱ። በአካባቢያችሁ ከሚነገሩት የውሰት ቃላት ሌሎች ሦስት ጨምሩ።

ሐ. በቤታችሁ የሚሠራ አንድ ምግብ መርጣችሁ፣ ከምን እንደሚሠራ፣ አሠራሩን በተራውና ጥሩነቱ የሚታወቅበትን ምልክት ከሌላ አገር ለመጣ እንግዳ የሚያስረዳ በሦስት አንቀጽ የተከፈለ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።